የሐጂ ሙህዲን መኪና

ከአውቶቡስ ተራ ጀርባ፣ ጋራዡ ውስጥ፣ መኪናዋ ዛሬም አንገራግራ አንገራግራ በስንት መከራ ተነሳችና መልሳ ጠፋች።

«አሻጥር ነው!» አለ መሪውን የያዘው የአብዮት ጥበቃው አዛዥ ካሳ።

መካኒኩ ጥጋቡ ላቡን ጠረገ። ባትሪውም ካንዴላውም ደህና ነው። መኪናዋ የጨርቅ ነጋዴው የሐጂ ሙህዲን ነበረች፤ ካሳ አምና እሳቸውን ረሽኖ ወሰዳት።

«ጓድ፣ ሐጂ ቁልፉን ሳያዞሩ ‹ቢስሚላሂ› ይሉ ነበር። ያኔ አንድም ቀን አስቸግራ አታውቅም።»

«የአድሃሪ ተረትህን እዚያው!» ካሳ ቁልፉን ነቅሎ ወረደና ሽጉጡን ጥጋቡ ደረት ላይ ደገነ። «የነካካኸውን ንገረኝ!»

ጥጋቡ አፉን ሳይከፍት፣ ከባዶው የሾፌር ወንበር ያ የሚያውቀው የሽማግሌ ድምፅ ዝግ ብሎ «ቢስሚላሂ» አለ።

መኪናዋ ሳታንገራግር ተነሳች።

ቁልፉ ካሳ እጅ ላይ ነበር።