ቢጫው ቅጽ

ጥናቱ የወጣቶችን ደህንነትና ከቤተሰብ ጋር ያላቸውን ግንኙነት ይመለከታል። ከየሰፈሩና ከየእምነቱ የተመረጡ ወጣቶች ከአንድ ወላጅ ጋር ይመጣሉ። ለሁለቱም የሚሰጠው መጠይቅ አንድ ነው፤ ቢጫው ለልጅ፣ ነጩ ለወላጅ። ስም አይጻፍም፤ ቅጾቹ ላይ መለያ ቁጥር ብቻ አለ።

አጥኚውን ባልደረቦቹ «ሦስቴ» ይሉታል፤ ሁሉን ነገር ሦስት ጊዜ ካላየ አያምንም። አንዱን ቢጫ ቅጽ ግን አምስት ጊዜ አነበበው።

ሐሳብዎን ለማን ያካፍላሉ? «ለማንም።»

ስለ ነገ ምን ያስባሉ? «እኔ ባልኖር ቤቱ ይቀለዋል። ደክሞኛል።»

ከሱ ጋር የተያያዘው ነጭ ቅጽ ላይ «ከቤት ስወጣ ልቤ አይረጋም» የሚል ነበር። ወላጁም ጠርጥረዋል ማለት ነው።

ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ምስጢሩን ለቤተሰብ መንገር ይፈቀዳል። በማግስቱ ባለቅጾቹን አባትና ልጅ በመለያ ቁጥሩ ፈልጎ አስጠራ።

«ደህና ነሽ?» አላት መጀመሪያ።

«እኔማ ምን እሆናለሁ! ይልቅ አንተ ነህ እንቅልፍ ያጣህ የምትመስለው» ብላ ሳቀች።

የሚደብቁ ልጆች እንዲህ እንደሚስቁ ያውቃል። ኮሪደር ላይ አስቀመጣትና አባትየውን አስገብቶ ቅጹን በዝግታ አነበበላቸው።

አባትየው ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ። «ይህን... ልጄ አይታዋለች?»

ጥያቄው ግራ አጋባው። ድንጋጤ ነው ብሎ አለፈው።

«አባቴ፣ እንኳን በጊዜ ደረስንባት። ቤት ውስጥ መድኃኒት አለ?»

«የእናቷ አለ። ከሞተች ወዲህ ተቆልፎበታል። ቁልፉ ልጄ ጋ ነው።»

ሦስቴ ከወንበሩ ተነሳ። «ቁልፉን አሁኑኑ ይቀበሏት! ቀድመው ገብተው መድኃኒቱን ከቤት ያውጡት። እሷን የሥነ ልቦና አማካሪ እስክትመጣ እኔ አቆያታለሁ።»

«እሺ፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው።

ኮሪደሩ ላይ ልጅቷ ቁልፉን ጨብጣ አለቅም አለች። «ለምን ፈለግኸው፣ አባባ?»

«ግድ የለሽም፣ እህቴ፣ ስጫቸው» አላት ሦስቴ።

ሰጠች። አባትየው ግንባሯን ስመው፣ ኮሌታዋን አስተካክለው ወጡ።

ሦስቴ እፎይ አለ። እንዴት እንደሚጀምር ጥቂት አመነታና ቢጫውን ቅጽ ፊቷ አስቀመጠው።

«ይሄማ የእኔ አይደለም» አለች ገና ከላይ ስታየው፣ «አባባ ነጩ ወረቀት ዓይኔን ወጋኝ ሲል ተቀያይረን ነው የሞላነው።»