ያልተቆረጠው ባና

አቶ መንግሥቴ ወረታ ላይ ያቋቋሙት የበግ ጠጉር ፋብሪካ በደጉ ጊዜ ባናው፣ ወፍራሙ የሌሊት ልብስ፣ ጎንደር ድረስ ይፈለግ ነበር። የውጭ ብርድ ልብስ በጭነት መኪና ሲጎርፍ ገበያው ሞተ፤ እሳቸውም ተከተሉት። ልጃቸው አዛናው ግን «ሸማኔን እንደሚሰድቡት የቁጢት በጣሽ ልጅ መባል ቀረልኝ» ብሎ የጠጉር ማበጠሪያውን መኪና ለቀጥቃጭ ሸጠ፤ አዳራሹንም የኑግ መጋዘን ሊያደርገው ተነሣ።

«ልጄ፣ መሸመኛው ላይ የተጀመረ ባና አለ። እሱ ሳይቆረጥ ቤት አይዘጋም» አሉት አሮጊቷ ፈታይ እማማ እናኑ።

«እርስዎ ዕድሜዎን ከጠጉር ላይ የበግ በጠጥና ቆሻሻ ሲለቅሙ ጨረሱ፤ እኔም ልልቀም?» ብሎ አዳራሹን ቆለፈው።

በሳምንቱ ሲከፍት ባናው አንድ ክንድ ረዝሟል። «አይጥ ጎትቶት ነው» አለ።

በዚያው ሰሞን ማታ ለብሶት የሚተኛው የአባቱ አሮጌ ባና አጥሮ እግሩን አላለብስ አለው። «ድሮስ የእሳቸው ሥራ!» ብሎ ተፋ።

በሰኞ ገበያ ኑግ ሊያስገባ ሲከፍት ባናው አሁንም ረዝሟል። አዲስ የተሸመነው ግን ጥቁር ነው። ዳሰሰው፤ የበግ አይደለም።

ጠዋት አበጥሮት የወጣውን ጎፈሬውን በእጁ ፈለገ። መዳፉ ልሙጥ ራሱ ላይ ተንሸራተተ።

ባናው ለመቆረጥ ገና አንድ ክንድ ይቀረዋል።