ትንበያው ያልሰማው

የሕዝብ አስተያየት ትንበያ ምርጫን ከተካ ወዲህ፣ በየቤቱ የተሰቀለ መሣሪያ የቤተሰቡን ወግ እየሰማ ማን ማንን እንደሚደግፍ ይቆጥራል። ስንዱ ከባሏ ከአያልነህ ጋር ለእራት ስትቀመጥ፣ ለቤቷ ሰላም ስትል እሱ ያወደሰውን ገዥ ፓርቲ አብራ ታወድስ ነበር።

ዘንድሮ ትንበያው የገዥው ፓርቲ ደጋፊ ብሎ ቆጠራት። ተሳስቷል የሚል ሰው ቀበሌ ቀርቦ በእጁ መምረጥ ይችላል፤ የሄደ ሰው ግን አታውቅም። አንድ ጠዋት ገበያ እሄዳለሁ ብላ ወጣች።

በቀበሌው በር ላይ ረጅም ሰልፍ አየች። መጨረሻው ላይ አያልነህ ቆሟል።

«አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ገዥውን የማወድሰው አንቺ የምትወጂው መስሎኝ ነው» አላት አንገቱን ደፍቶ።

«እኔም አንተን ብዬ ነው እኮ።»

ሳቋ አመለጣት። ከኋላው ተሰለፈችና ተራቸው እስኪደርስ ለመጀመሪያ ጊዜ የልባቸውን ተጨዋወቱ።