ሦስት ብርድ ልብስ

«ሸሚዝህን አውልቅ» ትለኛለች ሲስተሯ፣ ዓይኗን ከቴርሞሜትሩ ሳትነቅል። እኔ በሩ አጠገብ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። አማቴ ልጄን በሦስት ብርድ ልብስ ጠቅልለው ታቅፈዋታል፤ ከጥቅሉ ውስጥ የምትታየው አፍንጫዋ ብቻ ናት።

ልጄ የተወለደችው ትናንት ነው፣ ከቀኗ ብዙ ቀድማ። ችኮላዋን ከማን እንደወረሰች ሁሉም ያውቃል፤ ሥራ ቦታ ስሜ «ነፋሱ» ነው። እናቷ ብዙ ደም ስለፈሰሳት ማዶ ያለው ክፍል ተኝታለች፣ ክንዷን ማንሣት እንኳ አልቻለችም። ማሞቂያ ሣጥኖቹን ከእኛዋ የባሱ ሕፃናት ይዘዋቸዋል። የቴርሞሜትሩ ቁጥር ደግሞ ከጠዋቱ ወርዷል። ሲስተሯ «እስከ ማታ ካልሞቀች...» ብላ ጀመረችና ተወችው። እኔም ጨርሺው አላልኳት።

ብርድ ልብስ ማከማቸቱ የእኔ ሐሳብ ነበር። አንዱን ከቤት፣ ሁለተኛውን ከአማቴ አልጋ ላይ፣ ሦስተኛውን ከጎረቤት ለምኜ አመጣሁ። እጄን አጣጥፌ ከመቀመጥ ይሻላል ብዬ ነው። አሁን አራተኛ ፍለጋ ልወጣ ስል ነው የያዘችኝ።

«ዐሥርም ብታመጣ ያው ነው» ትላለች። «ብርድ ልብስ በራሱ አያሞቅም። ያገኘውን ነው የሚጠብቀው። ሙቀት ካገኘ ሙቀት፣ ብርድ ካገኘ ብርድ።»

በቁሜ ቀረሁ። ይህንስ ከእሷ በፊት እኔው ማወቅ ነበረብኝ። እንጀራዬ በረዶ ነው፤ ከፋብሪካ እየጫንኩ ለዓሣ ሻጮች አደርሳለሁ። በረዶውን በሰጋቱራ እቀብረዋለሁ፣ በአሮጌ ብርድ ልብስ እጠቀልለዋለሁ፣ ከዚያ በጠራራ ፀሐይ ከተማውን አቋርጣለሁ፤ እንደ ጫንኩት ይደርሳል። ልጄንም ልክ እንደዚያው አደረግኳት። ብርዷ እንዳይወጣ ጠቀለልኩላት።

ሲስተሯ እየፈታታቻት ታስረዳኛለች። ሌሎች ሕፃናት በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ከቆዳቸው ሥር ስብ ያበጃሉ፣ ይቺ ግን ሳታበጅ ነው የመጣችው። የራሷ ሙቀት ጥቂት ነው፣ እሱም አይቆይላትም። የሚያስፈልጋት የሰው ገላ ነው፣ ያውም የማይነቃነቅ።

«እኔ ልያዛት» ይላሉ አማቴ። ሳል ግን አፍኖ ያዛቸው፤ ሲስተሯም አይሆንም ብላ ራሷን ነቀነቀች። እንግዲህ የቀረሁት እኔ ነኝ። ፀጉሬን ስስተካከል እንኳ አርፌ አልቀመጥም፤ ፀጉር ቆራጩ ከእኔ ጋር እየዞረ ነው የሚቆርጠኝ።

«ለስንት ሰዓት?»

«እስክትሞቅ።»

ሸሚዜን አወለቅሁ። አማቴ ፊት ደረቴን ገልጬ አላውቅም፤ እሳቸውም ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሲስተሯ ወንበር ላይ አስደግፋ አስቀመጠችኝና ልጄን በኮፍያና በዳይፐር ብቻ ደረቴ ላይ አስተኛቻት። ከበረዶ መሀል የወጣ ዓሣ እንደያዝኩ ሁሉ ትንፋሼ ቁርጥ አለ። ከላያችን አንዱን ብርድ ልብስ ደርባ «አሁን የሚጠብቀውን ሙቀት አገኘ» አለችና ወደ ሌሎቹ ሕፃናት ሄደች።

እሾህ ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ። አፍንጫዬን ይበላኛል። እግሬ ያለ እኔ ፈቃድ መሄድ ይፈልጋል። መስኮቱ ላይ አንዲት እርግብ በዝናቡ ላባዋን ነፍታ፣ አንገቷን ቀብራ ቁጭ ብላለች። እንዴት እንደቻለችበት እንጃ። ስልኬ አማቴ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ያለማቋረጥ ይጮኻል፤ ዓሣ ሻጮቹ ናቸው። በመጨረሻ አማቴ ሳይዞሩ እጃቸውን ሰደው አነሡት። «ሥራ ላይ ነው» ብለው ዘጉት።

እኔ ብርዷን እከታተላለሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? መጀመሪያ ደረቴን በሙሉ ይዞት ነበር። ቆየት ብሎ ሆዷ ባለበት ጠፋ። ከዚያ ጀርባዬ ሲደነዝዝ፣ አንገቴ ሲደርቅ፣ የቀረው እግሮቿ ያረፉባት አንዲት ቦታ ብቻ ሆነች። እዚያች ቦታ ላይ ሐሳቤን ሰብስቤ ቀረሁ። ያቺም ጠፋች።

ምንም አይሰማኝም። ክብደት የላትም፣ ድምፅ የላትም፣ ብርዷም የለም። የራሴ ልብ እየደለቀ የእሷን ላገኘው አልቻልኩም። ደረቴ ላይ ማንም የሌለ ያህል ነው።

«ሲስተር» አልኩ፣ ድምፄን ሳልሰማው። «ገላዋ አይሰማኝም። የልጄ ገላ አይሰማኝም።»

አማቴ ወንበራቸውን ገፍተው ዞሩ። እርቃኔን መሆኔም ትዝ አላላቸውም፤ መጥተው ትከሻዬን ጨመደዱት። ሲስተሯ ብርድ ልብሱን በጥቂቱ ገልጣ እጇን አስገባች፣ ቴርሞሜትሩን አስገባች፣ ጠበቀች። መሣሪያው ጮኸ።

ቁጥሩን ወደ እኔ አዙራ አሳየችኝ።

«ገላዋ ይሰማህ የነበረው ቀዝቅዛ ስለነበር ነው» አለች፣ ብርድ ልብሱን መልሳ እየጠቀጠቀች። «አሁን እኩል ናችሁ።»

አማቴ ትከሻዬን ሳይለቁ ማልቀስ ጀመሩ። የእኔም እንባ መጣ፣ ግን እንዳልነቃነቃት ፈርቼ ዋጥኩት። ሲስተሯ ሄደች። እኔ የት ላይ እንደማበቃ፣ ልጄ ከየት እንደምትጀምር መለየት አቃተኝ። ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጌ፣ መኖሯን በዓይኔ ባይ ምን ነበረበት? ጣቶቼ ጫፉን ይዘዋል። ግን ሙቀቷ ይወጣል።

አልገልጠውም።