አሥራ አንድ ፊደል

ፀሐይ ሰማዩን ካቃጠለችበት ዓመት ወዲህ የሰው ድምፅ በአየር ላይ ርቆ መሄድ ትቷል። አሁን የሚያልፈው መሬት ለመሬት የሚሳበው ረጅሙ የሬዲዮ ሞገድ ብቻ ነው፤ እሱም በቀን አንድ ፊደል ካደረሰ ትልቅ ነገር ነው።

ለወይንሸት ያ አንድ ፊደል ጣውንት ሆኖባታል። ባሏ ደምሰው ከጧት ጀምሮ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ ማዳጋስካር የምትኖር አስካለ የምትባል ሴት የምትልከውን ይጠብቃል። ሞገዱን እንዳይረብሽ ፍሪጁ ይጠፋል፤ ወጡም ኮምጥጦ ይደፋል። ወይንሸት አፏን ስትከፍት ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደርጋል።

«ለእሷ ፊደል ቀኑን ሙሉ ቁጭ ይላል፤ እኔ የጀመርኩትን ሳልጨርስ ግን ብድግ!» ትላለች ድስቱን እየፈተገች።

በአሥራ አንደኛው ቀን ደምሰው ወረቀቱን ይዞ ወጥ ቤት ገባ።

«መልእክቷ አለቀ» አላት ቀስ ብሎ።

«ምን አለችህ ደግሞ እመቤትህ?»

አነበበላት። «ባለቤትህ እንዴት ናት?»

ወይንሸት ደሟ ፈላ። «እሷ ባትጠይቅህ ኖሮ መች ትዝ እልህ ነበር!»

ደምሰው አንገቱን ደፋ። «መልስ መላክ አለብኝ። ወይንዬ፣ እንዴት ነሽ?»

ትክ ብላ አየችው።

«ደ» አለች።

ጠበቀ። «እሺ፣ ከዚያስ?»

«ቀጣዩ ፊደል ነገ ነው» ብላው አለፈችና ፍሪጁን ሰካችው።