ከግንቡ ወዲያ ያለው ሐረግ

ንቦች ከምድር ከጠፉ ወዲህ ፍሬ የሚገኘው አበባን በእጅ በማዳቀል ብቻ ነበር። ዘቢባም ጅማ ባለው ጓሮዋ የተከለችውን የፓሽን ፍሩት ሐረግ በለስላሳ ብሩሽ ስታዳቅል ከረመች። አበባው ግን እየረገፈ አስቸገራት። ምን እንደጎደለው ባለሙያ ብትጠይቅ፣ «የራሱን የአበባ ብናኝ አይቀበልም፤ ከሌላ ሐረግ አምጪለት» አላት።

ሌላ ሐረግ ያለው ከግንቡ ወዲያ፣ በጎረቤቷ በአባ ቢያ ግቢ ውስጥ ነበር። ግንቡን ያሠሩት ከእሷ ጋር በድንበር ተጣልተው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታ እንኳ አይለዋወጡም። አበባው ደግሞ ዛሬ ፈክቶ ማታ ይከደናል። የፍሬው ጣዕም ምን ይሆን የሚለው ጉጉት ኩራቷን አሸነፈውና ሄዳ በራቸውን አንኳኳች።

«አባ ቢያ፣ ከአበባዎ ትንሽ ብናኝ ፈልጌ ነበር።»

ሽማግሌው ብሩሹን አይተው ወደ ጓሯቸው ዛፍ ቀና አሉ። የድሮ ንብ አናቢ ናቸው፤ ባዶ ቀፏቸው ዛሬም ዛፉ ላይ እንደተሰቀለ ነው።

«ንቦቼ ይህን ሥራ ማንንም ሳያስፈቅዱ ነበር የሚሠሩት» አሉ። «ግንብም አያውቁም።»

ከዚያ ብሩሹን ተቀብለው ቢጫውን ብናኝ በጥንቃቄ አነሱላት። «እንዳይበንብሽ፣ ቀስ ብለሽ ሂጂ።»

ዘቢባ ትንፋሿን ውጣ ተመለሰች። በጥቂት ቀናት ውስጥ አበባው በነበረበት ቦታ ሽምብራ የምታክል አረንጓዴ ፍሬ ብቅ አለች። ጎንበስ ብላ ስታያት ከግንቡ ወዲያ ድምፅ ሰማች።

«ዘቢባ! የእኔም ሐረግ እስከ ዛሬ አፍርቶ አያውቅም። ከአንቺ አበባ ብናኝ ይዘሽልኝ ነይ እስቲ!»