በማንደፍሮ በኩል

ወንድሜን ማንደፍሮን የቀበሌ ጠባቂዎች ከደብረ ታቦር ቤታችን የወሰዱት በ1970 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው። መገደሉን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል፤ ማልቀስና ጥቁር መልበስ ግን ተከልክሎ ነበር። እናቴ አላለቀሰችም። እሱ ከብስክሌት ሽቦ አሹሎ በሰጣት መርፌ ጥቁር ሹራብ ትሠራለት ጀመር።

የገና ጾም ቅበላ ዕለት ጠዋት ሹራቡን ጨርሳ ምሰሶው ላይ ሰቀለችው። ከዚያ የአዲስ ገብስ ገንፎ አገነፋች፤ መሐሉን አጎድጉዳ በርበሬና ቅቤ ሞላችው። ልንቆርስ ስንል የቀበሌው ሊቀ መንበር ገባ።

“እማማ ብዙነሽ፣ ጥቁር መከልከሉን አልሰሙም? ለማን ነው ይሄ?”

“ለማንደፍሮ። ብርድ አይችልም።”

“እሱ እኮ የለም።”

“ሞቷል በልና ሬሳውን ስጠኝ፤ ዛሬውኑ አልቅሼ እቀብረዋለሁ። አልሞተም ካልክ ደግሞ ልጄን ላልብሰው።”

ሊወጣ ወደ በሩ ዞረ።

“ቁጭ በልና ቅመስ” አለችው። “በራስህ በኩል ብቻ ግን። የሰው መውሰድ ለምደሃል።”

እምቢ ለማለት አፍሮ ተቀመጠ። ሦስታችንም በየበኩላችን እየቆረስን ወደ ቅቤው ተጠጋን። ድንገት የሊቀ መንበሩ እጅ ቆመ። በምሰሶው በኩል፣ ማንደፍሮ ይቀመጥበት በነበረው ባዶ ቦታ ፊት፣ ገንፎው በጣት እየተቆረሰ እስከ ቅቤው ድረስ ተበልቷል።

“ማን ነው የበላው?”

“ተነስና ሹራቡን ንካው” አለች እናቴ።

ተነስቶ ነካው። ውስጡ ይሞቃል። የቀኝ እጅጌው ጫፍ በቅቤ ርሷል።

“እንግዲህ አሁን ንገረኝ” አለችው፤ “ሞቷል ወይስ አልሞተም?”